የጫማ ፋብሪካው ባለቤት ልጅና የ500 ዶላሩ ደብተር

በኦሃዮ ግዛት ካንተን በምትባል ከተማ፣ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ፣ የአንድ ቀን ጨዋታ ገቢና ወጪ የሰፈረበት የሒሳብ ደብተር ገጽ አለ። ከጨዋታው የተገኘ ገቢ 1,683 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ለእንግዳው ቡድን የተከፈለ 428 ዶላር። የሜዳ ኪራይ 50 ዶላር። የሦስት ተጫዋቾች የጉዞ ወጪ 75 ዶላር። ከእነዚህ ጋር ይህ ሁሉ ወሬ የተነሣባት መስመር አለች፦ ለደብልዩ ሄፈልፊንገር፣ ስለ መጫወቱ፣ በጥሬ ገንዘብ 500 ዶላር።

ጨዋታው የተካሄደው ኖቬምበር 12 ቀን 1892 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገጹ ወደ አደባባይ የወጣው ግን በ1960ዎቹ ነው። በመካከሉ ያ ተጫዋች የሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አሰልጣኝ ሆኗል፣ ነግዷል፣ በሕዝብ ተመርጦ አገልግሏል፣ አርጅቶ ሞቷል። ሰባ ዓመት ገደማ የአሜሪካ ፉትቦል የመጀመሪያው ተከፋይ ማን እንደሆነ የሚነገረው ታሪክ ሌላ ነበር።

ጉዳዩን እንዳጠናው የገፋፋኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍሎት እንደተጫወተ በሰነድ የተረጋገጠው ሰው የድሃ ልጅ አለመሆኑ ነው። በአማርኛችን «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሰውየውና ቤቱ

ዊሊያም ዋልተር ሄፈልፊንገር፣ በቅጽል ስሙ ፓጅ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1867 በሚኒያፖሊስ ተወለደ። አባቱ ክሪስቶፈር በእርስ በርስ ጦርነቱ በአንደኛው የሚኒሶታ ሬጅመንት መኮንን ሆኖ ተዋግቷል፤ ከጦርነቱ በኋላ ጫማ በማምረትና በመሸጥ ከበረ። ወንድሙ ፍራንክ ደግሞ የእህል ጎተራ ከበርቴ የነበረውን የፍራንክ ፒቪን ልጅ አገባ። በእህልና በዱቄት በቆመች ከተማ እንዲህ ያለ ጋብቻ አንድን ቤተሰብ ከታላላቆቹ ተርታ ያሰልፋል።

ፓጅ በ1888 ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ90 ይጠጋል፤ ክብደቱ 90 ኪሎ ያልፋል፤ ለዚያ ዘመን ይህ ግዙፍ ሰው ነው። የጨዋታው ስም ፉትቦል ይባል እንጂ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው፦ ኳሷን አቅፎ በተቃራኒ መስመር ላይ ሰብሮ ማለፍ ነው። ያን ጊዜ ኳሷን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር፤ የራስ መከላከያ ቆብ እንኳን አልተለመደም። ተጫዋቾች ተያይዘው እንደ ሽብልቅ ይገፋሉ፣ ከፊታቸው ያለው ይወድቃል። ፓጅ የሚሰለፈው ጋርድ በሚባለው የመሐል መስመር ላይ ነበር። በዚያ ቦታ ያሉ ሰዎች እንደ ግንብ ተተክለው ነበር የሚታገሉት። እርሱ ግን ከመስመሩ ወጥቶ፣ ኳስ ከያዘው ጓደኛው ቀድሞ እየሮጠ መንገድ ይጠርግለት ጀመር። ዛሬ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታየው ይህ ዘዴ ለእርሱ ይሰጣል።

ዬል በ1888 በ13 ጨዋታ 698 ነጥብ አስቆጠረ፤ የገባበት ነጥብ ዜሮ ነው። በ1891 ደግሞ 488 ለዜሮ። ፓጅ በተጫወተባቸው አራት ዓመታት ቡድኑ የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ1889 የአገሪቱ ምርጥ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጡ ስሙ ነበረበት፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ተደገመ።

የቡድኑ አማካሪ ዋልተር ካምፕ ነበር፤ የጨዋታውን ደንብ ከራግቢ ነጥሎ መልክ ያስያዘው ሰው። ካምፕ ከዬል ደመወዝ አይቀበልም። እንጀራው በኒው ሄቨን የሰዓት ፋብሪካ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ መውጣት ሲያቅተው ባለቤቱ አሊስ ሜዳው ዳር ቆማ ታይለታለች። ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንደ በረታ፣ የትኛው እቅድ እንደ ከሸፈ ታስተውላለች፤ ማታ ለባሏ ትነግረዋለች፤ እርሱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለቡድኑ አለቃ ምክሩን ይሰጣል። ለዚያ አስፈሪ ቡድን ዓይን የነበረችው አንዲት ሴት መሆኗ በበቂ አልተነገረላትም።

አሰልጣኝነት እንግዲህ ይህን ይመስል ነበር። የተመረቁ የቀድሞ ተጫዋቾች በመከር ወራት እየተመለሱ ታናናሾቻቸውን ያለማምዳሉ፤ ክፍያ መጠየቅ ነውር ነው። ሐሳቡ ከእንግሊዝ የመጣ ነው፦ ጨዋ ሰው የሚጫወተው ለፍቅር ነው፣ ለገንዘብ የሚጫወት ሠራተኛ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሐሳብ ውበት ነበረው፣ ግን ሒሳቡን የሚከፍልለት ሰው ይፈልጋል። መከሩን ሙሉ ሥራ ትቶ ሜዳ ላይ መዋል የሚችል የማነው ልጅ ነው? ያለው ማማሩ ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ አሰልጣኞች ብዙዎቹ ከደኅና ቤት የወጡት በአጋጣሚ አልነበረም።

ያ ቅዳሜ በአሌጌኒ

በ1892 ፓጅ ተመርቆ ኦማሃ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ኩባንያ ቢሮ ተቀጥሮ ነበር። የቺካጎ አትሌቲክ ማኅበር ቡድን ወደ ምሥራቅ እየዞረ ሲጫወት ፈቃድ ወስዶ አብሮ ሄደ። እስከዚህ ድረስ የጉዞ ወጪ ብቻ ይከፈለው ነበር፤ ደንቡም ይህን ይፈቅዳል።

በፒትስበርግ አካባቢ ሁለት ባላንጣ ክለቦች ነበሩ፦ አሌጌኒ አትሌቲክ አሶሲዬሽንና ፒትስበርግ አትሌቲክ ክለብ። በኦክቶበር ተገናኝተው 6 ለ6 ተለያዩ፣ ከዚያ መወነጃጀል ጀመሩ። አሌጌኒዎች የባላጋራቸውን ሰው ኪርሽነርን ከሰሱ፤ የክለቡ የአካል ማጎልመሻ አስተማሪ ስለሆነ ደመወዝተኛ ነው አሉ። በዚያው ጨዋታ ፒትስበርግ አሰልፎት የነበረ አንድ ተጫዋች ደግሞ በሐሰት ስም የገባ የሌላ ኮሌጅ ቡድን አለቃ ሆኖ ተገኘ። በዘመኑ ክፍያን በአማተርነት፣ ማለትም ያለ ክፍያ በመጫወት ስም፣ የመሸፈኛው መላ ብዙ ነበር። አንዳንድ ክለቦች ለተጫዋቻቸው የወርቅ ሰዓት ይሸልማሉ፤ ተጫዋቹ ሰዓቱን አስይዞ ገንዘብ ይወስዳል፤ ክለቡ ያስለቅቀዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሰዓት እንደገና ይሸለማል። ሽልማት እንጂ ደመወዝ አይደለም ይባላል።

ለመልሱ ጨዋታ የፒትስበርግ ሥራ አስኪያጅ ለፓጅና ለጓደኛው ለኖልተን ኤምስ እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ሊሰጥ እንደ ጠየቀ ወሬው በጋዜጣ ወጣ። አሌጌኒዎች ይህን ሲሰሙ ዋጋውን ከፍ አደረጉ። ኤምስ አማተርነቴን አላጠፋም ብሎ እምቢ አለ። ሌሎቹ የቺካጎ ቡድን ተጫዋቾች ቤን ዶኔሊና ኤድ ማሊ በጉዞ ወጪ ብቻ ተስማሙ። ፓጅ ስሙን የሚያጠፋ ነገር ካደረገ በርካሽ እንዳይሆን ቆረጠ፤ 500 ዶላር አለ፣ ሰጡት።

ቅዳሜ ዕለት በሪክሪዬሽን ፓርክ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰብስቧል። ፒትስበርጎች ሦስቱን የቺካጎ ሰዎች በአሌጌኒ ማልያ ሲያዩዋቸው ሜዳውን ጥለው ወጡ። ክርክሩ ረዘመ። ልብ ይበሉ፦ የሚከራከሩት እነርሱም ከሌላ ቦታ ሰው ቃርመው የመጡ ናቸው። የከተማው ሰው ብዙ ገንዘብ አስይዞ ነበርና መጨረሻ ላይ ውርርዱ በሙሉ ተሰርዞ፣ ጨዋታው በሁለት የ30 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲሆን ታረቁ።

ያ ቀን ያፈራው ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ የተቆጠረ ነው። ፓጅ ኳስ የያዘውን ሰው ገጭቶ አስጣለው፤ ኳሷን አፈፍ አድርጎ ሮጠ፤ መስመሩን አለፈ። ታችዳውን በዚያ ዘመን አራት ነጥብ ነበር። 4 ለ0። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ መሸ፤ ጨለማው ጨዋታውን አስቆመ።

ክለቡ ወጪውን ሁሉ ችሎ፣ 500 ዶላሩንም ጨምሮ፣ ከ600 ዶላር በላይ አተረፈ። ይህን ቁጥር ሳይ ፓጅን ለመውቀስ አፌ ይያዛል። ሦስት ሺህ ሰው የመጣው ለማን ነው? ነጥቡን ያስቆጠረውስ ማን ነው? የላቡን ዋጋ ተቀበለ።

ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ግን ከሜዳው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ሆምስቴድ መመልከት ያስፈልጋል። የአንድሩ ካርኔጊ የብረት ፋብሪካ የሚገኘው እዚያ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1892 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ሠራተኞችና የተቀጠሩ የፒንከርተን ዘቦች በወንዙ ዳር ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ፋብሪካ ልዩ ሙያ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ በሰዓት 14 ሳንቲም ያገኝ ነበር። በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 500 ዶላር ለማጠራቀም 300 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ሳይበላ ሳይጠጣ። የሠራተኞቹ ማኅበር ተሸንፎ እጁን የሰጠው ኖቬምበር 20 ነው፤ ፓጅ ያን ኳስ አንሥቶ ከሮጠ ከስምንት ቀን በኋላ። በአንድ ወር፣ በአንድ አካባቢ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የአንድ ሠራተኛን ዓመት አወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዶኔሊ በተራው 250 ዶላር ተከፈለው፤ ቡድኑ በዋሺንግተን ኤንድ ጄፈርሰን ኮሌጅ 8 ለ0 ተሸነፈ። ይህም በዚያው ደብተር ሰፍሯል።

የሁለት ጫማ ሠሪዎች ልጆች

ከዚያ ቀን በኋላ ፓጅ አሰልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያው ሥራው በ1893 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዬል በዚያን ጊዜ ሰው ይልካል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ራሱ ካምፕ ስታንፎርድን፣ የ1891 የዬል ቡድን አለቃ ሊ መክለንግ ደግሞ ካሊፎርኒያን ይዘው ተገናኝተው ነበር። ፓጅም ስታንፎርድን ሲገጥም ከማዶ የቆመው አሰልጣኝ የዬል ጓደኛው ብሊስ ነበር። 6 ለ6 ተለያዩ። ዓመቱን በ5 ድል፣ በ1 ሽንፈትና በ1 አቻ ጨረሰ። በ1894 ወደ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ 5 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ስለዚያ ዓመት ብዙ የሚባል የለም። በ1895 ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ሚኒሶታን ይዞ በ7 ድልና በ3 ሽንፈት ጨረሰ። ከዚያ አሰልጣኝነቱን ተወ፤ ወደ ቤተሰቡ የጫማ ንግድ ገባ።

መተው መቻሉን አስተውሉ። ሦስት ዓመት በሦስት ከተማ አሠለጠነ፤ ሲበቃው የሚመለስበት በር ክፍት ነበር።

በዚያው በ1895 ሚኒሶታ ቺካጎን 10 ለ6 አሸነፈ። የቺካጎ አሰልጣኝ አሞስ አሎንዞ ስታግ ነበር፤ የፓጅ የዬል የቡድን ጓደኛ፣ በ1889ኙ ምርጥ ዝርዝርም አብሮት ያለ። የስታግም አባት የጫማ ሰው ነበር፤ ግን ፋብሪካ አልነበረውም፤ በኒው ጀርሲ ጫማ የሚጠግን ደሃ ነበር። ስታግ ዬል ከመግባቱ በፊት በፊሊፕስ ኤክሰተር ትምህርት ቤት ሳለ እሳት በሌለበት ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል እያደረ፣ በቀን 16 ሳንቲም ለምግብ እያወጣ፣ በደረቅ ብስኩት፣ በዳቦና በወተት እንደ ኖረ ራሱ ጽፏል። ዬል ሳለ በቤዝቦል ወርዋሪነቱ ገንኖ የኒውዮርክ ቡድን ከ4,000 ዶላር በላይ ሲያቀርብለት አልፈልግም አለ። ሰባኪ መሆን ነበር ሐሳቡ፤ ለገንዘብ መጫወት ነፍስን ያረክሳል ብሎ ያምን ነበር።

እንግዲህ ይህ ነው ያስቸገረኝ። ደንቡ ለሀብታም የተሰፋ ልብስ ነው ብዬ ስነሣ ደሃው ልጅ ለብሶት ሀብታሙ ልጅ አውልቆት አገኘኋቸው። ደጋግሜ አሰብኩበት። ስታግ ያን ሁሉ ገንዘብ እምቢ በማለቱ ያገኘው ነገር ነበር፦ መታመን። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሃርፐር በ1892፣ ያ 500 ዶላር በተከፈለበት ዓመት፣ በ2,500 ዶላር ደመወዝና በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ቀጠረው። አርባ አንድ የውድድር ዓመት ቆየ። ለደሃ ልጅ ስሙ ብቻ ነበር ንብረቱ፤ አንዴ ከቆሸሸ የሚመለስበት የአባት ድርጅት የለውም። ፓጅ ግን ስሙን ሊያስይዝ ይችል ነበር። ቢጠፋም ሄፈልፊንገር ነው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ለመቶ ዓመት የሚኖርበት ሥርዓት ቅርጽ ያዘ፦ አሰልጣኙ በግልጽ ይከፈለዋል፣ ተጫዋቹ በግልጽ አይከፈለውም። ስታግ ይህን በቅን ልብ አመነበት፤ በ1923 የእሑድ ፕሮፌሽናል ፉትቦልን እንደ አደጋ የሚያወግዝ ደብዳቤ ለሕዝብ ጻፈ። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን ደመወዙን ከሜዳ የሚቀበል ሰው ሜዳው ላይ አጥንቱ ለሚሰበረው ልጅ አይገባህም ሲል እኔን አያሳምነኝም።

ያልተደበቀው ሰው

ደብተሩ እስኪገኝ ድረስ የመጀመሪያው ተከፋይ ተጫዋች የሚባለው ጆን ብራሊየር ነበር። በ1895 ገና አፍላ ወጣት ሳለ ለላትሮብ ከተማ ቡድን በ10 ዶላርና በወጪው ተጫውቷል። አሥር ዶላሩን አልደበቀም፤ እንዲያውም በኋላ ስሙ የከበረው በእርሱ ነው።

የጂም ቶርፕ ግን ሌላ ነው። ቶርፕ የሳክ ኤንድ ፎክስ ነገድ ልጅ፣ የካርላይል የቀደምት አሜሪካውያን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የፉትቦል ኮከብ ነበር። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ሁለት ወርቅ አገኘ። በጃንዋሪ 1913 ግን በ1909 እና በ1910 በሰሜን ካሮላይና በበጋ ቤዝቦል ተከፍሎት እንደተጫወተ በጋዜጣ ወጣ፤ ቢበዛ በሳምንት 35 ዶላር ነበር። ተቃውሞ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት የሚለው የውድድሩ ደንብ ተጥሶ ሜዳሊያዎቹ ተወሰዱ። ቶርፕ በጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ሌሎች የኮሌጅ ልጆች በሐሰት ስም ሲጫወቱ እርሱ ግን በራሱ ስም እንደ ተጫወተ ገለጸ። ብልሃቱን የነገረው አልነበረም። በስሙ በመጫወቱ ተገኘ።

ያን ጊዜ ፓጅ ሄፈልፊንገር በሚኒያፖሊስ የተከበረ ሰው ነበር። በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤዎች ላይ ተወካይ ሆኗል። ወደ 50 ዓመት ሲጠጋም ዬል ሜዳ እየሄደ ወጣቶቹን በልምምድ ይጥላቸው ነበር፤ በ1933 በ65 ዓመቱ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ጨዋታ ተሰለፈ። ከ1924 እስከ 1948 የሄነፒን አውራጃ ኮሚሽነር ነበር። ቶርፕን የጎዳው እርሱ አይደለም፤ ክፉ ሥራም አልሠራም። ዝም አለ። እኔን የሚያመኝ ያ ዝምታ ነው። በዚያ ዘመን የዬሉ ሄፈልፊንገር ተነሥቶ «እኔም ተከፍሎኛል፣ ከእርሱ የሚበልጥ» ቢል ኖሮ የሚሰማው ሰው ብዙ ነበር። ቶርፕ ራሱ በ1915 ካንተን ቡልዶግስ የሚባለውን ቡድን ሲቀላቀል ለአንድ ጨዋታ የተከፈለው 250 ዶላር ነበር፤ ከ23 ዓመት በፊት ፓጅ ያገኘው እኩሌታ።

በ1951 የኮሌጅ ፉትቦል የዝና ማኅደር የመጀመሪያዎቹን አባላት ሲመርጥ ካምፕ፣ ስታግ፣ ሄፈልፊንገርና ቶርፕ በአንድ ዝርዝር ገቡ። ቶርፕ በ1953 ሜዳሊያው ሳይመለስለት ሞተ። ፓጅ በኤፕሪል 1954 በቴክሳስ ሞተ፤ አማተርነቱ አልተነካም። የቶርፕ ሜዳሊያዎች ለልጆቹ የተሰጡት በ1983 ነው፤ ብቸኛ አሸናፊነቱ የታወቀለት በ2022። በአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲያቸው በቀጥታ እንዲከፈላቸው መንገድ የከፈተው የፍርድ ቤት ስምምነት የጸደቀው ደግሞ በጁን 2025 ነው። ልጆቻቸውን በዚያ አገር ኮሌጆች የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ዛሬ የሚፈርሙት ውል ከዚያ የ1892 ገጽ ጋር ይዛመዳል።

ወደ ካንተኑ አዳራሽ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የጂም ቶርፕ የነሐስ ሐውልት ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ኳስ አቅፎ ሲሮጥ ያሳያል። ፓጅ ሄፈልፊንገር በዚያ ቤት ከተመረጡት አባላት መካከል የለም። በዚያ ያለው ስሙ በቀለም የተጻፈባት የደብተሩ መስመርና ከጎኗ ያለው 500 ቁጥር ነው።